«እዛ ጭፈራ ቤት ነው የምትልኪው?»

ልጄ የገባበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ስናገር ሰው መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ ትምህርት ቤት እኮ...» ብሎ ይጀምራል። አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፣ ፓርቲ ስኩል ነው፣ ሐሙስ ማታ የተጀመረ ጭፈራ እሁድ ነው የሚያቆመው፣ የእገሌ ልጅ እዛ ገብቶ ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ ምናምን። ባለፈው ክርስትና ላይ ተሰብስበን አንድ በጣም የማከብራቸው ትልቅ ሴት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እዛ ጭፈራ ቤት ነው የምትልኪው?» አሉኝና አስከትለው «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» አሉ። ክፋት የለባቸውም፣ ልጁ ሲያድግ አይተውታል፣ ይወዱታል፣ ስለፈሩለት ነው። ከጎናቸው የተቀመጠ ሰውዬ ደግሞ ወዲያው «ኧረ ተይ አትጨነቂ፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብሎ ሊያፅናናኝ ሞከረ።

ሁለቱም ንግግር አብሮኝ ቤት ገባ። የከነከነኝ ግን የእትዬ አይደለም፣ የሰውዬው ነው። ያኔ ለምን እንደሆነ በደንብ አላወቅኩትም፣ ከዛ በኋላ ባየሁትና ባነበብኩት ነገር ግን ቀስ በቀስ እየገባኝ መጣ።

ስሙን ማን አወጣለት?

መቼም ወላጅ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚሮጠው ጎግል ጋር ነው። እኔም ማታ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ቁጭ ብዬ ሳነብ ከረምኩ። ዘ ፕሪንስተን ሪቪው የሚባለው ድርጅት (ስሙ ነው እንጂ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር አይገናኝም) ፓርቲ ስኩሎችን ለብዙ ዓመታት በደረጃ ሲያወጣ ኖሯል። ደረጃው ይሠራ የነበረው ተማሪዎቹ ራሳቸው በሚሞሉት መጠይቅ ነው፤ ካምፓሳችሁ ላይ መጠጥና ዕፅ ምን ያህል አለ፣ ከክፍል ውጪ በቀን ስንት ሰዓት ታጠናላችሁ፣ ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ (የወንድ ተማሪዎችና የሴት ተማሪዎች ማኅበራት) ምን ያህል ተወዳጅ ነው፣ በቃ እንደዚህ እንደዚህ ያለ ጥያቄ። ስንት ልጅ ሆስፒታል ገባ፣ ስንቱ ትምህርቱን አቋረጠ ብሎ አይቆጥርም ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2002 ይሄን ዝርዝር ተዉት ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር።

ከዛ ዝርዝሩ ላይ የወጡትን ትምህርት ቤቶች ማየት ጀመርኩ። በ2016 አንደኛ የወጣው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን ነው፣ ጄምስ ቶምሰን በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ኢምብሪዮ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት የሰውነት ሕዋስ መለወጥ የሚችለውን የፅንስ ሕዋስ) ለይቶ ያወጣበት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ሳንታ ባርባራ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰው የሚያወራው አጠገቡ ባለችው በአይላ ቪስታ የጎዳና ጭፈራ ነው፣ እዛው የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሹጂ ናካሙራ ግን በሰማያዊ ኤልኢዲ ሥራቸው በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ናቸው። ባለቤቴ ይሄን ሳነብለት «ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ማለት ከተማ ነው፣ ሰካራሙም አለ፣ ላይብረሪ የሚያድረውም አለ» አለ፣ እውነቱን ነው። የልጄ ዩኒቨርሲቲ ክፍያም ቢሆን በስቴታችን ነዋሪ ዋጋ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም፣ ይሄም ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ስሙን ናቅኩት ማለት ነው? አይ፣ እሱ አልሆነልኝም። ምክንያቱም እዛው ስፈልግ የአልኮል ጉዳይን የሚያጠናው ብሔራዊ ተቋም የሚያወጣውን ግምት አገኘሁ፤ በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆነ 1,500 ገደማ የኮሌጅ ተማሪዎች ከመጠጥ ጋር በተያያዘ አደጋ ይሞታሉ፣ የመኪና አደጋውን ጨምሮ። እነዚህ ሁሉ በጭፈራ ስማቸው በሚነሳ ትምህርት ቤቶች ብቻ የሞቱ አይደሉም። ስሙ ያማረው፣ ወላጅ በኩራት ጃኬቱን የሚለብስለት ኮሌጅም ውስጥ የሞተ ልጅ አለ። ያው ተቋም ለአዲስ ተማሪ አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ናቸው ይላል፣ ልጁ ገና ጓደኛ ፍለጋ ላይ ባለበት፣ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ በሚፈራበት ጊዜ ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ፍርሃቴ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ቦርሳው

ነገሩን የለወጠብኝ ግን ያነበብኩት አይደለም። ለተቀበሏቸው ተማሪዎች ባዘጋጁት ቀን ካምፓሱን ልናይ ሄደን ነበር። ጠዋት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ስለ መጠጥ ጠየቀ፣ መድረክ ላይ የነበሩት ሴትዮ ሁሉም አዲስ ተማሪ ኦንላይን የአልኮል ትምህርት ይወስዳል፣ ደንባችን ጥብቅ ነው አሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ሰውየው ቁጭ አለ። ሁላችንም ዝም አልን።

ምሳ ሰዓት ልጄ አዳዲስ ከተዋወቃቸው ልጆች ጋር ሲሄድ እኔ ካፌ ገባሁ፣ ቡና የምትቀዳዋ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ጤና ይስጥልኝ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሦስተኛ ዓመት ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ እንግሊዝኛ እየተቀላቀለበት ግን ከልቧ የምታወራ ልጅ። የሥራ እረፍቷ ሲደርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም ዞር ጥምጥም ሳልል «እንደው እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፣ እንደሚወራው ነው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። እሷ ያለችበት ፎቅ ላይ ብዙዎቹ እንደማይጠጡ፣ የሚጠጡት ግን ስለሚጮሁ እነሱ ብቻ እንደሚሰሙ፣ የሚያጠና ልጅ ማንም እንደማያስገድደው ነገረችኝ። ከዛ እኔን ለማረጋጋት ብላ ይመስለኛል «ደግሞ እኛ እንጠባበቃለን፣ ሰው በጣም ከሰከረ ቦርሳ እናደርግለታለን» አለች።

«ቦርሳ? ቦርሳ ምን ያደርግለታል?»

«የትምህርት ቤት ቦርሳ። በመጽሐፍ እንሞላውና ጀርባው ላይ እናደርግለታለን፣ ከዛ በጎኑ እናስተኛዋለን። በጀርባው መገልበጥ አይችልም። ካስመለሰው አይታነቅም።»

በእጇ እያሳየችኝ ነው የምትነግረኝ፣ ማሰሪያው በሁለቱ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ መጽሐፉ ከባድ ከባዱ እንደሚመረጥ። በኩራት ነው የምታወራው፣ ለጓደኛ ማሰብ ነውና። እኔ ግን ከዛ በኋላ ያለችውን ለትንሽ ጊዜ አልሰማሁም። የባዮሎጂ መጽሐፍ ጀርባው ላይ ታስሮለት ምንጣፍ ላይ የተጋደመ የሰው ልጅ ነው የታየኝ። እናቱ ያንን መጽሐፍ የገዛችለት እንዲማርበት ነው። ሌላም ነገር መጣብኝ፣ ይሄ ዘዴ ተማሪ ለተማሪ የሚተላለፍ፣ የለመዱት ነገር ከሆነ እንደዚህ የሚሆኑ ልጆች ብዙ ናቸው ማለት ነው፣ ሐኪም ጋር ግን አይሄዱም ማለት ነው።

«አምቡላንስ ለምን አትጠሩም?» አልኳት።

«አንዳንዴ እንጠራለን። ግን ልጁ ራሱ አትጥሩ ብሎ ይለምናል። ቤተሰቤ ይሰማል ይላል።» ከዛ ቡናውን እያየች «የእኛ ልጆች ደግሞ ይብሳሉ» አለች።

የእኛ ልጆች ይብሳሉ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ይሄን ያለችኝ እኛን ልትወቅስ ብላ አይደለም፣ ያየችውን ነው የነገረችኝ። ግን እስቲ እናስበው። ልጆቻችንን ስናሳድግ «አታሰድበኝ»፣ «ሰው ምን ይላል»፣ «እንዳታዋርደን» ስንት ጊዜ እንላለን? ጥሩ ነገር አስይዘናቸዋል፣ ይሉኝታ ብዙ ልጅ ከጥፋት መልሷል፣ እሱን አልክድም። ግን ያ ልጅ መተንፈስ አቅቶት ወለል ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ጓደኛው ስልኩን ይዞ ልደውል አልደውል ሲል፣ ይሉኝታው የሚናገረው «አትደውል» ብሎ ነው። እኛ ልንጠብቀው ብለን የሰጠነው ነገር በዛች ሰዓት ጠላቱ ሆነ። ይሄ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ፓርቲ ስኩል ሆነም አልሆነም አብሮት የሚሄድ ነገር ነው።

«ወንድ ነው፣ ምን ይሆናል?»

ቤት ገብቼ ስለ ቦርሳው ሳነብ ቲሞቲ ፒያዛ የሚባለውን ልጅ ታሪክ አገኘሁ። ስሙን የሰማችሁት ትኖራላችሁ። የ19 ዓመት ልጅ፣ ፔን ስቴት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። በፌብሩዋሪ 2017 አንድ ፍራተርኒቲ ውስጥ አዲስ አባላት በሚገቡበት ምሽት በአጭር ጊዜ ብዙ አጠጡት፣ ደረጃ ላይ ወደቀ፣ ራሱን ስቶ ተጋደመ። ቤቱ መጠጥ የተከለከለበት ቤት ነው የሚባለው። ልጆቹ ጀርባው ላይ ቦርሳ አደረጉለት። 911 የተደወለው ከወደቀ 12 ሰዓታት ገደማ ካለፉ በኋላ ነው። ልጁ አልተረፈም። ፔንሲልቬኒያ በ2018 በስሙ የተሰየመ ሕግ አውጥታለች፣ ለእናትና ለአባቱ ግን ሕግ ልጅ አይሆንም።

ያኔ ነው ክርስትናው ላይ የሰማሁት ንግግር ለምን እንደከነከነኝ የገባኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ማንም «ምን ትሆናለች» አላለኝም። ሁሉም መካሪ ነበር፤ ብርጭቆሽን አትልቀቂ በያት፣ ብቻዋን ማታ እንዳትወጣ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር እንዳትሄድ። ልክ ናቸው፣ ለሴት ልጅ የሚያሰጋው ነገር እውነተኛ ነው፣ ዛሬም አስባለሁ። ለወንዱ ግን ምክር የለም። ወንድ ከሆነ ይጠጣል፣ ይለቀዋል፣ ሰው ይሆናል። በእነዚህ የማኅበር መግቢያ ምሽቶች ስማቸው ዜና ላይ የወጣውን ልጆች ብታዩ ግን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ጎበዝ፣ ስፖርተኛ፣ ከጥሩ ቤት የወጡ። ወንድ ነው ብለን ያለ አንዳች ቃል ነው የምንሸኛቸው።

«ይለቀዋል» የምንለው ነገር ራሱ ደግሞ ስህተት ነው። ሰው ራሱን ከሳተ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም፣ ስለዚህ ተኝቶ እያለ ይብስበታል። ቢቀሰቅሱት የማይነሳ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 በታች የሆነ ወይም በአንዱ ትንፋሽና በሌላው መሀል 10 ሰከንድ የሚያልፍበት፣ ቆዳው የቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሰማያዊ ዓይነት ቀለም ያመጣ ሰው ተመርዟል ማለት ነው። ቦርሳው መገልበጥን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ትንፋሽ አይመልስም። ይሄን የምታነቡ ከሆነ ምልክቱ ሁሉ እስኪሟላ አትጠብቁ፣ አንዱን ካያችሁ መደወል ነው፣ ለልጆቻችሁም እንደዛው ንገሯቸው።

ጥያቄዬን ቀየርኩ

ከዛ በኋላ ፓርቲ ስኩል ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ተውኩ። መልሱ አዎ ነው፣ ትንሽም ብዙም ሁሉም ጋር አለ። የመጠጫ ዕድሜ ከ1984ቱ ሕግ ጀምሮ በየስቴቱ 21 ስለሆነ አብዛኛው ተማሪ የሚጠጣው ተደብቆ ነው፣ የተደበቀ ነገር ደግሞ ሲበላሽም ተደብቆ ነው የሚበላሽ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ጋር ደውዬ የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ተማሪ ለሰከረ ጓደኛው አምቡላንስ ቢጠራ እሱ ይቀጣል ወይ? ጓደኛውስ? ብዙ ስቴቶች ጠሪውን ከክስ የሚያድን ሕግ አላቸው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው ደንብ። ግን ደንቡ ዌብሳይት ላይ መኖሩ አይበቃም፣ ያቺ ካፌ የምትሠራ ልጅ ሦስት ዓመት እዛ ተምራ በደንብ አታውቀውም ነበር። ስልኩን ላነሱት ሰውዬ ይሄንኑ ነገርኳቸው፣ በትህትና ሰሙኝ፣ እውነት ለመናገር ግን መልሳቸው አላረካኝም።

ሁለተኛው በየዓመቱ የሚያወጡት የደህንነት ሪፖርት ነው። ጄን ክሌሪ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ በ1986 ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ዶርሟ ውስጥ ተገደለች፣ ወላጆቿ ዝም አላሉም፣ በ1990 ኮሌጆች ካምፓስ ላይ የሚፈጸመውን ወንጀል ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፣ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ሪፖርቱ ውስጥ በመጠጥ የታሰሩና ለዲሲፕሊን የተላኩ ተማሪዎች ቁጥር አለ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ቁጥሩ ትልቅ የሆነበት ካምፓስ ብዙ የሚጠጣበት ሊሆን ይችላል፣ በደንብ የሚቆጣጠርም ሊሆን ይችላል፣ ባዶ የሆነበትም አይተው እንዳላዩ የሚያልፉበት ሊሆን ይችላል። በዲሴምበር 2024 የተፈረመው ሕግ ደግሞ በሄዚንግ፣ ማለትም አዲስ አባላትን በማስገደድና በማሰቃየት፣ ጥፋተኛ የተባሉትን ማኅበራት ኮሌጆች በስማቸው እንዲያወጡ ያስገድዳል። እሱን እኔ ከየትኛውም ደረጃ በላይ ነው የማየው።

ሌላም አለ፣ ብዙ ወላጅ የማያውቀው። ልጁ 18 ከሞላው ወይም ኮሌጅ ከገባ ውጤቱን እንኳን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፈቃዱ አያሳዩንም። በመጠጥና በዕፅ ጥፋት ግን ከ21 በታች ለሆነ ተማሪ ወላጅ ጋር እንዲደውሉ ከ1998 ጀምሮ ይፈቀድላቸዋል፣ ግዴታ ግን የለባቸውም። አንዱ ይደውላል፣ አንዱ አይደውልም፣ አንዱ በሁለተኛው ጥፋት ነው የሚደውለው። ጠይቁ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ

የቀረው የእኛው ቤት ሥራ ነበር። ፔን ስቴት ውስጥ ሮብ ቱሪሲ የሚባሉ ተመራማሪ ወላጅ ስለ መጠጥ ከልጁ ጋር በግልጽ ማውራቱ እንደሚጠቅም፣ በተለይ ልጁ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ከሆነ፣ ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተዋል። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው የእኛው ተረት ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ቤት ውስጥ አስለምጂው ብለው መክረውኝ ነበር፣ ይሄ ግን አላሳመነኝም፣ ያነበብኳቸው ጥናቶችም አይደግፉትም።

እኛ ያደረግነው አንድ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቀዩን የፕላስቲክ ኩባያ አስቀመጥን፣ ፓርቲ ላይ የሚታደለውን። ልጄ መጀመሪያ «እማዬ ኧረ በናትሽ» ብሎ ሊነሳ ነበር፣ አባቱ ቁጭ በል አለው። ውሃ በመለኪያ ቀዳሁ። አንድ መጠጥ ተብሎ የሚቆጠረው ቮድካ ወይም ውስኪ 1.5 አውንስ ነው፣ 44 ሚሊ ሊትር ገደማ። ኩባያው ውስጥ ሳፈሰው ታቹን ብቻ ነው የሸፈነው። ልጄ ጎንበስ ብሎ አየው። «ይሄ ነው አንድ?» አለ። ከዛ ራሱ መለኪያውን ተቀበለኝና እየቆጠረ ጨመረ። 16 አውንስ የሚይዘው ኩባያ ገና ግማሽ ሲደርስ አምስት አልፏል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ለወንድ አምስት፣ ለሴት አራት መጠጥ ነው ከመጠን ያለፈ የሚባለው። ጀንግል ጁስ እያሉ በትልቅ ሳጥን የሚደባልቁት ነገር ደግሞ ጣዕሙ ጁስ ነው፣ ውስጡ ስንት እንዳለ የቀዳው ሰው ራሱ አያውቅም። ከዛች ማታ በኋላ ስብከት አላስፈለገኝም፣ ጥያቄውን እሱ ነው የሚያመጣው።

አባቱ ከዛ በኋላ ያለው ነገር ለእኔም አዲስ ነበር። ሰውዬው እንደዚህ የሚያወራ አይደለም። «ስማ፣ መጠጣትህን አልፈልግም፣ እሱን ታውቃለህ። ግን አንተም ሁን ጓደኛህ እንደዛ ከሆናችሁ መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ከዛ እኛ ጋር ትደውላለህ። በዛች ሌሊት አንድም ጥያቄ አልጠይቅህም። ሰው ምን ይላል የሚለውን ለእኔ ተወው፣ እኔ እመልሳለሁ» አለው። ልጄ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና «ለእትዬስ?» አለ። አባቱ «ለእሳቸውም» አለው።

ምዝገባውን ጨርሰናል፣ ኦገስት ላይ ይገባል። እትዬ ጋር ሄጄ ስለ ቦርሳው ነግሬያቸዋለሁ፣ የሁለት የልጅ ልጆቻቸው እናት ጋር እንድደውል ስልኳን ሰጥተውኛል፣ እነሱም በሚቀጥለው ዓመት ይገባሉና። ያልተስማማንበት አንድ ነገር ፍራተርኒቲ ነው። አባቱ ፈጽሞ አይሆንም ይላል፣ ልጁ ገና አላሰብኩበትም ይላል፣ እኔ ደግሞ አይሆንም ካልነው ሳይነግረን ይገባል ብዬ እፈራለሁ። ለጊዜው የደረስንበት፣ ካሰበበት የማኅበሩን ስም አስቀድሞ ይነግረናል፣ የዩኒቨርሲቲውን የሄዚንግ ሪፖርት ሦስታችንም አብረን እናነባለን፣ ስሙ እዛ ላይ ካለ ወሬው እዛው ያበቃል። አባቱ እስካሁን እሺ አላለም።